«ምንም የለበትም» የተባለው ረግረግ፦ ከአትላንታ እስከ ኤቨርግሌድስ

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 (ኦገስት 20፣ 2025)

ከአትላንታ የወጣነው ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ነው። እኔና የአክስቴ ልጅ። መኪናው የእሱ ነው፤ ኡበር ስለሚሠራ ረጅም መንገድ አይከብደውም። ከኋላ ወንበር ላይ ከትናንቱ ቡሄ የተረፈ ሙልሙል፣ ቆሎ፣ አንድ ፔርሙስ ቡናና ብዙ ውኃ አለ። የፍልሰታ ጾም ገና አልተፈታም። አክስቴ ስትሸኘን «ልጆቼ፣ ምን አለ አርፋችሁ ብትቀመጡ» አለችን።

ፍርሃቷ ይገባኛል። ሁለታችንም ዜጎች ነን፤ ግን ዘንድሮ ዜጋውም ፓስፖርቱን ይዞ ነው ከቤት የሚወጣው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ፀጉር ቤት፣ ቡና ላይ፣ የትም ብትሄዱ ወሬው አይስ፣ የስደተኞች ፖሊሱ፣ ነው። እከሌ ተያዘ፣ እከሌ ለስደተኞች ቢሮ ቀጠሮው፣ ለቼክ ኢን ብሎ ሄዶ እዚያው ቀረ። ቲፒኤስ በሚባለው ጊዜያዊ የመቆያ ፈቃድ ላይ ያሉት ጓደኞቻችን ደግሞ ወረቀታቸው ዲሴምበር 12 ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን አንድዬ ነው የሚያውቀው።

የምንሄደው ደቡብ ፍሎሪዳ ኤቨርግሌድስ በሚባለው ረግረግ ውስጥ ወደተተከለው የስደተኞች እስር ቤት ነው። «አሊጌተር አልካትራዝ» ብለው ሰይመውታል። አሊጌተር የአዞ ዘር ነው፤ አልካትራዝ ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ባለ ደሴት ላይ የነበረው ዝነኛ ወህኒ ቤት። ስሙ ራሱ ለማስፈራራት የወጣ ነው።

ወደዚህ ጉዞ የገፋኝ አንድ ቪዲዮ ነው። በጁን ወር የፍሎሪዳው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጄምስ ኡትማየር ቦታውን በቪዲዮ ሲያስተዋውቁ፣ አጥሩን ዘሎ የሚወጣ ሰው ቢኖር ከአዞና ከዘንዶ በቀር ብዙም የሚጠብቀው ነገር የለም የሚል ሐሳብ ተናገሩ። እስረኞቹን ለማስፈራራት ነው የተናገሩት፤ እኔን ግን የቆረቆረኝ «የለም» የምትለዋ ቃል ናት።

ያደግሁት መተሐራ ነው። የሸንኮራው እርሻ ከመምጣቱ በፊት ቦታው ባዶ ሜዳ ነበር እየተባልን ነው ያደግነው። አንድ ቀን አጥሩ ጥግ ከብት ከሚጠብቅ የከረዩ ልጅ ጋር ተግባባሁ። አያቱ ከብት ያጠጡበት የነበረው የአዋሽ ዳር አሁን አገዳ የበቀለበት መሆኑን የነገረኝ እሱ ነው። ሜዳው ባዶ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ አንድ መሬት «ምንም የለበትም» ሲል ጆሮዬን አቆማለሁ።

ማታ ኦካላ ገብተን አደርን።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 15

ዝናብ። ከኦካላ እስከ ሆምስቴድ አምስት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ያረፍነው የጓደኛዬ እህት ቤት ነው። የጾሙ መጨረሻ ስለሆነ ሽሮና ጎመን ሠርታ ጠበቀችን።

እራት ላይ ሳለን ስልኬ ጮኸ። የፌዴራል ዳኛ ካትሊን ዊሊያምስ ውሳኔ ሰጡ! 82 ገጽ ነው። ተጨማሪ እስረኛ አይገባም፣ ግንባታው አይቀጥልም፣ በ60 ቀን ውስጥ ጊዜያዊ አጥሩ፣ መብራቱና ጀነሬተሩ ይነሣ። ፍሎሪዳ ያንኑ ምሽት ይግባኝ አለች።

ክሱን በጁን 27 የከፈቱት የኤቨርግሌድስ ወዳጆች ማኅበርና የብዝኃ ሕይወት ማዕከል የሚባል ድርጅት ናቸው። በጁላይ ደግሞ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆነው የሚኮሱኪ ነገድ በከሳሽነት ገባ። የሙግቱ መሠረት አንድ የቆየ ሕግ ነው፦ የፌዴራል መንግሥት እጁ ያለበት ትልቅ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በመሬቱ፣ በውኃውና በሰው ላይ የሚያመጣው ጉዳት ይጠና፣ ሕዝብም ይሰማ። እዚህ ግን ምንም አልተጠና። ገዥው ሮን ዴሳንቲስ በአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ቦታውን ከማያሚ ዴድ ካውንቲ ወሰዱ፤ በስምንት ቀን ድንኳን ተተከለ፤ ጁላይ 1 ቀን ፕሬዚዳንት ትራምፕ መጥተው ጎበኙት፤ እስረኛ ወዲያው መግባት ጀመረ። በዓመት 450 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይፈጃል ያሉት ራሳቸው ባለሥልጣናቱ ናቸው።

የአክስቴ ልጅ ዜናውን ሰምቶ ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ቆይ እንጂ፣ ሰው በአጥር ታጉሮ እያለ ፍርድ ቤቱ የሚያወራው ስለ ሣርና ስለ ነብር ነው?» አለኝ። ተናዷል። «ለሰዎቹስ ማነው የሚጮኸው?»

ለሰዎቹ የሚጮኹ ጠበቆች አሉ አልኩት፤ ያኛው ሌላ ክስ ነው። ግን ጥያቄው ሌሊቱን ሙሉ አብሮኝ አደረ። ልክ ነው እኮ። በጁላይ ገብተው ያዩ የሕዝብ ተወካዮች በአንድ የሽቦ ክፍል 32 ሰው እንደሚተኛ፣ ሽንት ቤቱ ሦስት እንደሆነ ተናግረዋል። ታሳሪዎችና ጠበቆቻቸው ስለሚሞላው ሽንት ቤት፣ ሌሊት ስለማይጠፋው መብራትና ስለ ቢምቢው ደጋግመው ተናግረዋል፤ ባለሥልጣናቱ ያስተባብላሉ። ይህን ሁሉ ያቆመው የሰው ጩኸት ሳይሆን የመሬት ሕግ መሆኑ እኔንም ያመኛል። ግን ማቆሙን ደግሞ አልንቀውም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 16፣ ፍልሰታ

እንኳን አደረሳችሁ ተባብለን ተነሣን። በዓሉ ዓርብ ስለዋለ ዶሮው ለነገ ተላለፈ።

ከማያሚ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ታሚያሚ ትሬይል ይባላል። በ1928 የተከፈተ፣ ረግረጉን ለሁለት ቆርጦ የሚያልፍ ባለ ሁለት መስመር መንገድ ነው። ክሮም አቬኑ ጋ ስትደርሱ የሚኮሱኪዎች ካዚኖ አለ፤ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ክሮም የሚባለው የቆየ የስደተኞች ማቆያ። ከዚያ በኋላ ከተማው በአንዴ ይቆማል። ቤት የለም፣ ሱቅ የለም። ግራና ቀኝ ሣር ብቻ።

ሣሩን ወርጄ ነካሁት። ቅጠሉ ጠባብ ነው፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው። ጣቴን ወደ ታች ሳንሸራትት አልቆረጠኝም፤ ወደ ላይ ስመልስ ግን ቀጭን የደም መስመር ወጣ። ሥሩ ውኃ ውስጥ ነው። ውኃው የቆመ ይመስላል እንጂ አልቆመም። ቀስ ብሎ፣ ዓይን በማያየው ፍጥነት ወደ ደቡብ ይሄዳል። የኤቨርግሌድስ ነገር ሁሉ ይኸው ነው፤ ሰፊና ጥልቀት የሌለው፣ ሣር የለበሰ ወንዝ። በደቡብ ፍሎሪዳ የሚሊዮኖች የመጠጥ ውኃ የሚሞላው ከዚህ ነው።

የአክስቴ ልጅ መንገዱን በሙሉ በመስኮት ቪዲዮ እየቀረጸ ነው፤ እኔ እነዳለሁ። እሱ ነው መጀመሪያ ያየው። «እዪ፣ ጎጆ!» አለኝ። እውነትም ጎጆ። ሳይፕረስ በሚባል ዛፍ ግንድ ላይ የቆመ፣ ግድግዳ የሌለው፣ ጣሪያው በዘንባባ ቅጠል የተከደነ። ቺኪ ይሉታል። አንድ ብቻ አይደለም፤ ትንሽ ሄደን ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አጠገባቸው የፖስታ ሣጥን፣ የቆመ ፒክ አፕ፣ የልጅ ብስክሌት።

እንግዲህ «ምንም የለበትም» የተባለው ይህ ነው።

ሚኮሱኪዎች 600 ገደማ ናቸው። ታሪካቸውን ያነበብኩት ከመምጣታችን በፊት ነው፤ መሬቱ ላይ ቆሜ ግን ሌላ ሆነብኝ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ጦር በሴሚኖል ጦርነቶች የፍሎሪዳን ነባር ሕዝብ እያሳደደ፣ እየሰበሰበ ወደ ኦክላሆማ አጋዘ። ጦርነቱ በ1858 ሲያበቃ የቀሩት ጥቂት መቶ ሰዎች ነበሩ። የተረፉት ይህ ረግረግ ውስጥ ገብተው ነው። ዛፍ የበቀለባቸው ትንንሽ ደረቅ ደሴቶች ላይ ቤት ሠርተው፣ በታንኳ እየተንቀሳቀሱ፣ ሳይያዙ ቀሩ። የዛሬዎቹ የእነዚያ ልጆች ናቸው። ሰው ከመታፈስ ባመለጠበት ቦታ ላይ ነው እንግዲህ የታፈሰ ሰው ማጎሪያ የሠሩት። የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው ስልኩን አወረደ። የሐሙሱን ጥያቄ ሁለተኛ አላነሣውም።

ሻርክ ቫሊ ከሚባለው የፓርክ መግቢያ አጠገብ፣ ከነገዱ መንደር ወርደን አንዲት አሮጊት የሚሸጡትን ጨሌ አየን። በጥቃቅኑ የተገጣጠመ ባለ ብዙ ቀለም ጨርቅም አላቸው፤ ቀሚስ ይሠሩበታል። ጉዳዩን አንሥቼ ልጠይቃቸው አፈርኩ፤ እሳቸው ናቸው ከየት እንደመጣን የጠየቁን። ከኢትዮጵያ ስንላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በእጃቸው ወደ ምዕራብ እያሳዩ ቤተሰባቸው በየዓመቱ ለበዓል የሚሰበሰብበት ቦታ በዚያ በኩል መሆኑን፣ ልጆቹ ለመድኃኒት የሚሆን ቅጠል የሚለቅሙትም በዚያው እንደሆነ ነገሩን። የነገዱ ሊቀመንበር ታልበርት ሳይፕረስ ሲቃወሙ ያሉትም ይህንኑ ነው፤ እስር ቤቱን በከበበው፣ ቢግ ሳይፕረስ በሚባለው ጥብቅ ስፍራ ውስጥ 15 የሚኮሱኪና የሴሚኖል ባህላዊ መንደሮች አሉ፣ አሥሩ ከእስር ቤቱ በአምስት ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ናቸው።

ከመሃል ማያሚ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መግቢያው መጣ። የመንገድ ምልክት ተክለውለታል፣ «አሊጌተር አልካትራዝ» የሚል። ሰዎች ከሥሩ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። የገዥው ፓርቲ የፍሎሪዳ ቅርንጫፍ በዚህ ስም ኮፍያና ቲሸርት ሸጧል። አንድ ቤተሰብ ልጆቹን አሰልፎ ፎቶ ሲያነሣ አየሁ። ማየት አልቻልኩም፤ ዞር አልኩ።

ከውስጥ ምንም አይታይም። የሚታየው የሚገባና የሚወጣው መኪና ነው። ውኃ የጫነ ቦቴ ይገባል፤ ፍሳሽ የጫነ ቦቴ ይወጣል። ነዳጅ፣ ጀነሬተር፣ አውቶቡስ። የአክስቴ ልጅ መስታወቱ ጥቁር የሆነውን አውቶቡስ በዓይኑ እየተከተለ፣ «ከውስጥ ሐበሻ ይኖር ይሆን?» አለኝ። ምን ልበለው?

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17

ጠዋት ዶሮ። ከዚያ እንደገና ወደ ረግረጉ።

ስለ አውሮፕላን ማረፊያው ልንገራችሁ፤ የዚህ ታሪክ እምብርት እሱ ነው። እስር ቤቱ የተተከለው ባዶ መሬት ላይ ሳይሆን ከ57 ዓመት በፊት ተጀምሮ የተሸነፈ ፕሮጀክት ቅሪት ላይ ነው። በ1968 እዚህ ቦታ ላይ የዓለምን ትልቁን አውሮፕላን ማረፊያ ሊሠሩ ጀመሩ። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ስድስት መንደርደሪያ፣ ከድምፅ ለሚፈጥኑ አውሮፕላኖች ጭምር። ማርጆሪ ስቶንማን ዳግላስ የሚባሉ ጋዜጠኛ በ1969 የኤቨርግሌድስ ወዳጆችን መሠረቱ፤ ያኔ ዕድሜያቸው 79 ነበር። የሚኮሱኪው መሪ ባፋሎ ታይገርም ለሕዝባቸው ተሟገቱ። አዳኞችም አብረው ቆሙ። በዚያው ዓመት የውኃ ተመራማሪው ሉና ሊዮፖልድ የመሩት ጥናት ግንባታው የደቡብ ፍሎሪዳን ሥነ ምህዳር እንደሚያጠፋ በግልጽ ጻፈ። የፕሬዚዳንት ኒክሰን መንግሥት ፕሮጀክቱን አስቆመ። ያለቀው አንድ መንደርደሪያ ብቻ ነው፣ 3.2 ኪሎ ሜትር። በዙሪያው ያለው መሬት በ1974 ቢግ ሳይፕረስ ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ ሆነ፤ ሕጉም ሚኮሱኪዎችና ሴሚኖሎች እንደ ልማዳቸው መኖራቸውንና መጠቀማቸውን አጸደቀ።

ከሁሉ የሚገርመኝ፣ ሐሙስ ዕለት ዳኛዋ የጠቀሱት የአካባቢ ሕግ የወጣውም ያ ክርክር በጦፈበት ሰሞን መሆኑ ነው። ኒክሰን የፈረሙት ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ነው። ያ ሁሉ ተጠንቶ፣ ተከራክሮ፣ ተወስኖ ያለቀ ጉዳይ በስምንት ቀን ድንኳን ተተክሎ እንዳልነበረ ሆነ።

ኦዌሲስ የጎብኚዎች ማዕከል ጋ ከእንጨት መተላለፊያው በታች ቦይ አለ። አዞዎቹ እዚያ ናቸው። አንዱ ከእግሬ ሁለት ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ተኝቷል። ጀርባው ላይ አረንጓዴ የውኃ አረም ለጥፏል። አፍንጫው ላይ የውኃ ተርብ አርፋለች። ዐሥር ደቂቃ ያህል ቆምኩ፤ አንዴ ብቻ ዓይኑን ከደነ፣ ገለጠ። ይህን እንስሳ ነው የእስር ቤት ዘበኛ አድርገው የሚያወሩት። ሰውም አላሳደደ፣ ማንንም አላጎረ፤ በገዛ ቤቱ ፀሐይ ይሞቃል።

ማታ ሉፕ ሮድ የሚባለው የፒስታ መንገድ ገባን። ሁለቱም ዳር የሳይፕረስ ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ ውኃ ውስጥ ቆሟል። የፍሎሪዳ ፓንተር የሚባለው የዱር ድመት መኖሪያው ይህ ነው፤ በዱር የቀረው ከ120 እስከ 230 ብቻ ይሆናል ተብሎ ይገመታል። እሱን የማየት ተስፋ አልነበረንም፤ የመጣነው ለሰማዩ ነው። ቢግ ሳይፕረስ በ2016 ሰው ሠራሽ ብርሃን ያልበዛበት የጨለማ ሰማይ ስፍራ ተብሎ በዓለም አቀፍ ደረጃ ታውቋል።

መኪናውን አጠፋን። ቢምቢው ወረደብን፤ ጆሮ ላይ፣ አንገት ላይ፣ በልብስ ላይ ሳይቀር ይነክሳል። እንቁራሪቱ ይንጫጫል። ወደ ላይ ስናይ ከዋክብት እንደ ገጠር ሰማይ ፈሰዋል። ልጅ ሆኜ ያየሁት ዓይነት ሰማይ ነው፤ አትላንታ ከገባሁ ወዲህ አይቼው አላውቅም። ወደ ሰሜን ስንዞር ግን የሰማዩ ግርጌ ነጥቷል። ንጋት ይመስላል፤ ሰዓቱ ግን ማታ 4 ሰዓት ነው።

የአክስቴ ልጅ ክንዱን እያከከ፣ «እኛ አንድ ሰዓት አልቻልንም» አለ።

እሑድ፣ ነሐሴ 18

በየእሑዱ በእስር ቤቱ መግቢያ አጠገብ የጸሎት ስብሰባ አለ። ከግንባር ቀደሞቹ አንዷ ቤቲ ኦሴዮላ ናቸው፤ የሚኮሱኪ ተወላጅ፣ ኤርቦት የሚባለው የረግረግ ጀልባ ነጂ፣ ለዚህ ውኃ ለብዙ ዓመታት በእግራቸው እየተጓዙ የጸለዩ ሴት።

ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሯል። ከመንገዱ ዳር መኪና ተደርድሯል። ቄስ አለ፣ ራባይ አለ፣ ኮፍያ ያደረጉ ነጭ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጆች አሉ፣ ስፓኒሽ የሚናገሩ እናቶች አሉ። ነገዱ በራሱ ቋንቋ ጸለየ። ቃሉ አይገባኝም፤ ግን ሁሉም ሰው ጸጥ አለ፤ ያ ጸጥታ ደግሞ ይገባኛል። እኛ በልባችን አቡነ ዘበሰማያት ደገምን።

ከአጠገቤ የቆመች አንዲት ሴት የባሏን ፎቶ በፕላስቲክ ሸፍና በደረቷ ይዛለች። ስሙ በእስረኛ መፈለጊያው ድረ ገጽ ላይ ስለማይወጣ የት እንዳለ ያወቀችው እሱ ራሱ ሲደውል መሆኑን ነገረችኝ። ዛሬ አልደወለም። ውኃ ሰጠኋት። ሙልሙሉ ደርቋል እንጂ አላለቀም፤ ከእሱም ቆረስኩላት። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ልጆች በዓል ላይ ቤት ለቤት እየዘፈኑ የሚሰጣቸው ዳቦ ነው አልኳት። ለልጇም ብላ ግማሹን በሶፍት ጠቀለለችው።

ዝናቡ ሲጀምር ማንም አልሄደም። አውቶቡስ ሲወጣ ሁሉም ፊቱን ወደ አውቶቡሱ አዙሮ እጁን አነሣ፤ መስታወቱ ጥቁር ነው፤ ከውስጥ ያለ ሰው ይየን አይየን አናውቅም። የአክስቴ ልጅ ሁለቱንም እጆቹን አንሥቶ ነበር። ሲያለቅስ ያየሁት አባቱ የሞተ ቀንና ዛሬ ነው።

ሰኞ፣ ነሐሴ 19

ቀኑን ሙሉ ነዳን። ብዙ አላወራንም። አክስቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን።

ከወራት በኋላ የተጨመረ (ጥር 2018)

ይህን ማስታወሻ ሳልጨርሰው ቆየሁ፤ ነገሩ አላለቀም ነበርና። ሴፕቴምበር 4 ቀን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሁለት ለአንድ ወስኖ የዳኛዋን ትእዛዝ አገደ። ምክንያቱ ቦታውን የሠራችው ፍሎሪዳ በራሷ ገንዘብ ስለሆነ የፌዴራሉ ሕግ አይመለከታትም የሚል ነው። ወር ሳይሞላው የፌዴራል መንግሥት ለፍሎሪዳ የስደተኞች ማቆያዎች 608 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ።

በዲሴምበር መጨረሻ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ሚኮሱኪዎችን የሚመለከት አንድ ሕግ በቬቶ ጣሉት። ኦሴዮላ ካምፕ የሚባለውን መንደራቸውን ወደ ነገዱ ይዞታ የሚያካትትና ከጎርፍ እንዲጠበቅ የሚያደርግ ሕግ ነበር፤ ሁለቱም ምክር ቤቶች ያለ ተቃውሞ ያሳለፉት። ቬቶውን ሲያስረዱ ነገዱ የስደተኛ ፖሊሲያቸውን መቃወሙን ጠቀሱ። ምክር ቤቱ ቬቶውን ለመሻር ሞክሮ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አላገኘም።

ኦሴዮላ ካምፕ የት እንደሆነ በካርታ ፈለግኩ። ታሚያሚ ትሬይል ላይ ነው፣ ከመንገዱ በስተደቡብ። ዓርብ ዕለት አልፈነዋል። የአክስቴ ልጅ ጋ ደውዬ የዚያን ቀን ቪዲዮ እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። አገኘሁት፤ አራት ሰከንድ ነው። ዛፍ፣ ቺኪ፣ የቆመ መኪና፣ አንዲት ሴት ልብስ ስታሰጣ።